ቀንድ የማይገባበት በረት

ክላራ ሬቤር ቀንድ እንደጠላች ነው የኖረችው። ልጇ ሬጉላ ገና ዳዴ ማለት በተወችበት ዓመት፣ አንዲት ፍየል ዝንብ ልታባርር ራሷን ስትወዘውዝ የልጅቱን ግራ ዓይን በቀንዷ አፈሰሰችው። ክላራ ቀንዳም ፍየሎቿን ሁሉ ሸጠች። የግልገል ቀንድ በጋለ ብረት ማቃጠሉን ደግሞ አንጀቷ አልቻለውም። ስለዚህ ቀንድ አልባ ወጠጤ ገዝታ ከቀንድ አልባ እናቶች ጋር ብቻ አራባች። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሩ። በመንደሯ በዛነን ያሉ ጎረቤቶቿ ግን «የክላራ ራሰ በራዎች» እያሉ ይስቁባቸው ነበር።

ዓመታት ሲያልፉ ሳቁ ቀረ። ክላራ ሴት ናት ብላ የምታሳድጋት ግልገል በየጊዜው አንገቷ እየወፈረ፣ እንደ ወጠጤ እየሸተተች፣ ሳትፀንስ ትቀራለች። የሚታለቡት አርጅተዋል፤ ተተኪ የለም። ሬጉላ አድጋ አይብ ሠሪ ሆናለች፤ በረቱንም የምትወርሰው እሷ ናት። ክላራ ድርቆሹን ወቀሰች፣ ውሃውን ወቀሰች፣ በመጨረሻም ወጠጤውን ቀየረች። የገዛችው ግን ያው ሌላ ቀንድ አልባ ነበር።

አንዷ መካን ስትታረድ የእንስሳት ሐኪሙ ኤቢ ሆዷን ከፍቶ አየ፤ በእንቁላል ዕጢው ቦታ ቆለጥ ተቀምጧል።

«ወይዘሮ ክላራ፣ ጥፋቱ የመኖው አይደለም» አላት። «ቀንዱን ያስቀረው ጉድለት ነው ይህንንም ያመጣው።»

በፅንስ ውስጥ ሌሎቹን ዘረመሎች እየቀሰቀሰ የእንቁላል ዕጢ የሚያሠራ አንድ አዛዥ እንዳለ፣ ቀንድ የሚያስቀረው ጉድለትም ይህን አዛዥ የሚያነሳውን ነገር እንደሚያጠፋ ነገራት። ጉድለቱ ከአንድ ወላጅ ብቻ ከመጣ የሌላው ወላጅ አዛዥ ሥራውን ይሠራል። ከሁለቱም ከመጣ ግን አዛዡን የሚያነሳው ስለሌለ ሴቷ ፅንስ ወደ ወንድነት ታዘነብላለች። መፍትሔው ቀንዳም ወጠጤ ነው፤ ከግልገሎቹም ግማሽ ያህሉ ቀንድ ያበቅላሉ።

ክላራ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን መጣሏ ገባትና አለቀሰች። ማታ ለሬጉላ፣ ቀንድ ከሚገባ በረቱ ቢዘጋ ይሻላል አለቻት።

«እማዬ፣ የተወጋሁት እኔ ነኝ እኮ» አለች ሬጉላ የአይቡን ድስት እያጠበች። «እኔ ፈርቻቸው አላውቅም።»

«ዓይንሽን ነው ያጠፋችብሽ።»

«እሷ ዓይኔን አጠፋች። አንቺ ደግሞ መንጋዬን።»

በዚያው ሳምንት ሬጉላ የገዛችው ቀንዳም ወጠጤ ከመኪና ወረደ። ሬጉላ ቀንዱን ጨብጣ እየሳበች አመጣችው፤ ክላራም የበረቱን በር ከፈተችላቸው።