አልጋ ላይ የማይሞተው ሰውዬ

ሰባ ዓመት ያለፈው ሰውዬ ጠዋት ጠዋት ሊፍቱን እንዳላየ አልፎ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው ሻይ ቤት በደረጃ ይወጣል። ሻይ ሲቀዱለት እንደ ሌላው ደንበኛ በታጠፉ ጣቶቹ ጠረጴዛውን መታ መታ አድርጎ አያመሰግንም። ጣቶቹ በኩንግ ፉ ፊልም ሲተውን ተሰባብረው አልታጠፍ ስላሉት፣ የሚመታው በክርኑ ነው። አስተናጋጇ ሳው ፒንግ ስሙን አታውቅም፤ በየፊልሙ መጨረሻ ተደብድቦ ሲሞት ግን ከልጅነቷ ጀምሮ አይታዋለች።

ዛሬ አንድ የፊልም ዳይሬክተር፣ በአዲሱ ፊልም እንዴት እንደሚሞት ሊነግረው ደወለለት።

«አልጋ ላይ?» ብሎ ሰውዬው ጮኸ። «ስማ፣ ሰማንያ ጊዜ ሞቻለሁ፤ አንድም ቀን ተኝቼ አልሞትኩም! ከሰገነት ወርውረኝ።»

ስልኩን ዘግቶ፣ ሻዩን ጨልጦ ተነሳ።

«ጋሼ፣ ሊፍቱ መጥቷል!» ብላ ሳው ፒንግ በሩን ያዘችለት።

«ለሽማግሌ ያዢው» አላትና ደረጃውን ተያያዘው።