የሽመናው ክፍል ጭብጨባ

ታቢታ ሰው የሚሸሸውን ነገር የማትሸሽ ሴት ነበረች። ከሐዋሳ ወጣ ብሎ ካለ መንደር የመጣች የወንጌላዊ ልጅ ናት። የድሬሰርነት ትምህርቷን ጨርሳ ከተማው ውስጥ ባለ ክሊኒክ የጆሮ ክፍል ስትመደብ የሥራ ጓደኞቿ አዘኑላት። መግል የሚያፈስ ጆሮ፣ ባቄላ ገብቶበት የበቀለበት ጆሮ፣ ዝንብ እንቁላል የጣለበት የሕፃን ጆሮ፤ ሌሎቹ አፍንጫቸውን ይዘው ሲወጡ እሷ ጥጥ ጠምዝዛ፣ ልጁን እያባበለች፣ ቀስ ብላ ታጸዳ ነበር።

«እንዴት ነው የማይቀፍሽ?» ሲሏት፣ «ቁስል ምን ይቀፋል? ቁስል ነዋ!» ትላቸዋለች።

በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ክሊኒኩ ውስጥ አዲስ ማሽን ገባ። ፍሪጅ የሚያህል፣ ግራጫ ቀለም የተቀባ፣ ፊቱ ላይ አረንጓዴ መስመር የሚርገበገብበት መስታወት ያለው ነበር። ከማሽኑ ጋር የመጣው ዶክተር ኃይለሚካኤል ይባላል። ምሥራቅ ጀርመን የተማረ፣ ንግግሩ ለስላሳ፣ ልብሱ ንጹሕ፣ ጣቶቹን ሁልጊዜ ሽቶ በነካው ነጭ መሐረብ የሚጠርግ ሰው ነው። ታቢታን ረዳቱ አድርጎ መረጣት። ሥራዋ የታማሚውን የራስ ቆዳ በአልኮል ፈግፍጎ፣ ቅባት ነገር ቀብቶ፣ ትንንሽ የብር ሳንቲም የሚመስሉትን የሽቦ ጫፎች አናቱና ከጆሮው ኋላ ላይ መለጠፍ ነበር።

«ስሚ ታቢታ» አላት አንድ ጧት፣ «መናኸሪያ መሃል ቆመሻል እንበል። ረዳቱ ይጮኻል፣ አውቶብሱ ጥሩምባ ይነፋል፣ ሎሚ ሻጯ ትጣራለች። በዚያ መሃል አንድ ሰው በሹክሹክታ ስምሽን ቢጠራ ትሰሚያለሽ?»

«ከየት ሰምቼ፣ ዶክተር!»

«ያ ሰው ሳይሰለች ሺህ ጊዜ ቢጠራሽስ? እኛ ደግሞ እያንዳንዱን ጥሪ ቀርጸን አንዱን በአንዱ ላይ ብንደራርበው? ጫጫታው አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ እያለ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ስምሽ ግን ሁልጊዜ እዚያው ቦታው ላይ ስለሆነ እየጎላ፣ እየጎላ ይመጣል። አንጎልም እንደ መናኸሪያ ሲንጫጫ ነው የሚውል። ጆሮ ላይ ‹ጠቅ› ስናደርግ የሚሰጠው መልስ ከሹክሹክታ ያነሰ ነው። ደራርበን፣ አጣርተን እናወጣዋለን።»

ታቢታ ይኼን ነገር ወደደችው። የመጀመሪያዋ ተመርማሪ ገና ያልተናገረች ሕፃን ነበረች። እናቷ «ልጄ ደንቆሮ ናት» ብላ ተስፋ ቆርጣለች። ልጅቷ እናቷ ጉያ ውስጥ እንደተኛች ማሽኑ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ሲያደርግ ቆየና ከተዘበራረቀው መስመር ውስጥ አንዲት ትንሽ ጉብታ ቀስ ብላ ብቅ አለች። «መልሳለች!» አለ ዶክተሩ። እናትየው ወለሉ ላይ ተንበርክካ አለቀሰች። ታቢታም አብራት አለቀሰች። በዚያ ሰሞን ስለ ዶክተሩ የምታወራው እንደ ነቢይ ነበር።

ነገሩ የተበላሸው የሽመና ፋብሪካው ሲመጣ ነው። ከከተማው ዳር ያለ አንድ ፋብሪካ ውስጥ፣ ሽመናው ክፍል የሚሠሩ ሴቶችና ወንዶች ከመሸመኛው ጩኸት የተነሣ ጆሯችን ጠፋ፣ ወደ ሌላ ክፍል አዛውሩን ማለት ከጀመሩ ቆይተዋል። የፋብሪካው የፓርቲ ተጠሪ ጓድ ሽበሺ ግን አላመናቸውም። ክሊኒኩ ድረስ መጥቶ ማሽኑን በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

«ሰው ሲጠየቅ አልሰማም ማለት ይችላል» አለ። «ከሥራ ለመሸሽ የማይደነቁር የለም። ማሽን ግን አይዋሽም። አይደለም እንዴ ዶክተር?»

«አይዋሽም» አለ ዶክተሩ።

ሸማኔዎቹ በየተራ እየመጡ ተመረመሩ። ታቢታ ከፀጉራቸው ውስጥ የጥጥ ብናኝ እየለቀመች ሽቦውን ትለጥፍላቸዋለች። ከሁሉም ጎልታ የታየቻት አባይነሽ ናት። ትከሻዋ ሰፊ፣ ሳቋ ቅርብ፣ ድምፅዋን ራሷ ስለማትሰማው ስታወራ ክሊኒኩን በሙሉ የምታናውጥ ሴት።

«ድምፅማ ይመጣል፣ እህቴ!» ብላ ጮኸች፣ የታቢታን ከንፈር ትኩር ብላ እያየች። «ቃሉ ነው የማይመጣው። ሰው ሁሉ አፉ ውስጥ ትኩስ ድንች ይዞ የሚያወራ ይመስለኛል። ልጄ ‹እማዬ› ትበለኝ፣ ‹እሳት› ትበለኝ አላውቅም!»

ሰው በሚያወራበት የድምፅ መጠን ሲሞከር የአባይነሽ መስመር ዝርግ ሆኖ ቀረ። ቢደራረብ፣ ቢጣራ፣ ምንም። ከእሷ በኋላ የመጡትም አብዛኞቹ እንደዚያው ሆኑ። ዶክተሩ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። «እነዚህ ሰዎች ተጎድተዋል» አለ። ታቢታ በዚህች ቃሉ ኮራችበት።

በሳምንቱ ጓድ ሽበሺ ተመልሶ መጣ። ሁለቱ በር ዘግተው አወሩ። ዶክተሩ በዚያው ሰሞን ውጭ አገር ለሚደረግ የሳይንስ ጉባኤ የመውጫ ፈቃድ ጠይቆ ሲጠባበቅ ነበር፤ ፈቃዱ ደግሞ ያለ ፓርቲው ድጋፍ አይገኝም። ሽበሺ እየሳቀ ወጣ። ዶክተሩ ታቢታን ጠራትና ፊቷን ሳያይ፣ «ሸማኔዎቹን እንደገና እንመረምራለን። የድምፁን ጉልበት እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጊው» አላት።

«እስከ መጨረሻው? ዶክተር፣ ያ እኮ ጆሮ ሥር ጥይት እንደመተኮስ ነው። በዚያ ድምፅ የሚያወራ ሰው የለም።»

«መልስ ይገኛል ወይስ አይገኝም?»

«ይገኛል፤ ግን...»

«በቃ። የሚጻፈው ‹መልስ ተገኝቷል› ነው። ይኼ ውሸት ነው?» አለና መሐረቡን አውጥቶ ጣቶቹን አንድ በአንድ ጠረገ።

ያን ጊዜ ነው ታቢታን የቀፈፋት። የሽቶው ሽታ ከአፍንጫዋ አልወጣ አላት። እነዚያ ንጹሕ ጣቶች፣ ያ የተከረከመ ጥፍር፣ ያ ለስላሳ ድምፅ፤ ካየችው መግል ሁሉ የባሰ ነገር የነካች መሰላት። ቢሆንም የድምፁን መክፈቻ ያዞረችው ራሷ ናት፣ በገዛ እጇ። አባይነሽ ወንበሩ ላይ እንዳለች ዘለለች፤ ዓይኗ በእንባ ተሞላ፤ ከዚያ ሳቀች።

«ይኼንስ ሰማሁት! ያማል እንጂ ሰማሁት!»

መስታወቱ ላይ ጉብታዋ ብቅ አለች። ዶክተሩ «መልስ ተገኝቷል» ብሎ ጻፈ። ታቢታ ጓሮ ወጥታ አስመለሳት።

እሑድ ከቤተሰቧ ጋር ከጸለየች በኋላ አዲስ ከተማ ሰፈር፣ አባይነሽ ቤት ሄደች። አባይነሽ ደጃፏ ላይ ልብስ ታሰጣ ነበር። ታቢታ ፊት ለፊቷ ቆማ፣ ከንፈሯን አጥርታ፣ የሆነውን ሁሉ ነገረቻት፤ መጀመሪያ መስመሩ ዝርግ እንደነበር፣ በኋላ ድምፁ እስከ መጨረሻው ከፍ እንደተደረገ፣ ምን እንደተጻፈ። ታቢታ ጨርሳ ስታበቃ አባይነሽ የያዘችውን አንሶላ ገመዱ ላይ ጣለች።

«እና እኔ መደንቆሬን ልትነግሪኝ ነው ይኼን ሁሉ መንገድ የመጣሽው?»

«ይቅርታ ልጠይቅሽ...»

«ይቅርታሽ ምን ይሠራልኛል? እኔ መደንቆሬን አውቀዋለሁ። ለሚሰሙት ሄደሽ አትነግሪም?» አለችና ጀርባዋን ሰጠቻት። ጀርባዋን ለሰጠች ደንቆሮ ደግሞ የሚባል ነገር የለም። ታቢታ ትንሽ ቆማ ሄደች። በመንገዷ ሁሉ ያንገሸገሻት የራሷ እጅ ነበር።

ውጤቱ የተነገረው በፋብሪካው የምግብ አዳራሽ፣ ጧት ላይ፣ በጠቅላላ ስብሰባ ነው። ቀይ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ ድምፅ ማጉያ፣ ሁለት ማሰሮ አበባ ተደርድሯል። ሸማኔዎቹን ከፊት አስቀመጧቸው። ዶክተሩ በሚያምር አማርኛ አነበበ። ዘመናዊ ሳይንስ የሠራተኛው አንጎል ለድምፅ ጤናማ መልስ እንደሚሰጥ አረጋግጧል፤ በሽመናው ክፍል የመስማት ችግር አለ የሚባለው መሠረተ ቢስ ነው።

ጨረሰና ወረቀቱን አጠፈ። ጓድ ሽበሺ ተነሥቶ አጨበጨበ። የፊተኛው መደዳ የሽበሺን እጅ ሲያይ ነበርና ተከትሎ አጨበጨበ። አባይነሽ ሰፊ መዳፏን ከሁሉ በላይ እያጮኸች አጨበጨበች። ደንቆሮዎቹ «ደንቆሮ አይደላችሁም» የሚለውን ሳይሰሙ አጨበጨቡለት። ከኋላ የተቀመጡት፣ ከሌላ ክፍል የመጡት ጤነኞች፣ አንገታቸውን ደፉ። ታቢታ ወደ ዶክተሩ አየች። እየሳቀ እጅ ይነሣ ነበር።

«አሁን ደግሞ» አለ ሽበሺ፣ «ምርመራውን በእጇ የሠራችው የሰፊው ሕዝብ ልጅ፣ ጓድ ታቢታ፣ ትመሰክራለች!»

የተስማሙበት ሁለት መስመር ንግግር ነበር፤ ዶክተሩ አስጠንቷታል። ታቢታ ድምፅ ማጉያው ጋ ደረሰች። የተጠናውን ልትል አፏን ስትከፍት የዚያ ሽቶ ሽታ መጣባት፤ ዶክተሩ አጠገቧ ቆሞ ነበርና።

«እኔ ሽቦውን የለጠፍኩት ነኝ» አለች። «ሰው በሚያወራበት ድምፅ ሲሞከሩ እነዚህ ሰዎች አልሰሙም። ማሽኑም አልሰሙም ብሏል። ከዚያ ድምፁን እንደ መድፍ አድርጉት ተባልኩ፤ አደረግሁት። አሁን የተነበበው እሱ ነው። አሁንም የምላቸውን አይሰሙም።»

ድምፅ ማጉያው ተነቀለ። ታቢታ ራሷን ዝቅ አድርጋ ከመድረኩ ልትወርድ ስትዞር፣ ንግግር ያለቀ የመሰላቸው ሸማኔዎች አጨበጨቡ። የፊቱ መደዳ በሙሉ፣ ቅድም ለዶክተሩ እንዳጨበጨቡት ሳያጎድሉ፣ ፈገግ እያሉ። ሽበሺ እጁን እያወራጨ «አቁሙ! አቁሙ!» ሲላቸው አበረታታን ብለው ይበልጥ አጨበጨቡ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው፤ ወዲያው አፉን ያዘ።

ታቢታን በዚያው ቀን ቀበሌ አሰሯት። አልመቷትም። በየጧቱ እያስቀረቡ «ስሕተትሽን እመኚ» ይሏታል፤ እሷ ግን እምቢ። የሚከነክናቸው ጭብጨባው ነበር። ማን አደራጀው? ሸማኔዎቹም አንድ በአንድ ተጠየቁ። «ለምን አጨበጨብሽ?» ሲሏት አባይነሽ «ምን?» አለች። ደግመው ጮኹባት። «ንግግር ሲያልቅ አይጨበጨብም እንዴ?» አለች። ይኼ እንደ ፌዝ ተቆጥሮባት ከፋብሪካው ተባረረች። በማሽን የሰማችው ሴት በመርማሪ ፊት ለምን ሳትሰማ ቀረች ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ታቢታ ስትፈታ ሥራዋ ላይ ሌላ ሰው ተተክቷል። ጥቂት ቆይቶ ዶክተር ኃይለሚካኤል ቤቷ መጣ። ፈቃዱ ወጥቶለታል፤ ሊሄድ ነው። እናቷ ወንበር አቀረቡለት። ሊቀመጥ ሲል ወንበሩን በመሐረቡ ጠረገው።

«እንዳትጠይኝ ብዬ ነው የመጣሁት» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የመጀመሪያው ቅጂ አልጠፋም። ዝርጎቹ መስመሮች ሁሉ እኔ ዘንድ አሉ። እዚያ ጉባኤው ላይ የማቀርበው እነሱን ነው፤ እውነተኛውን። በጣም ጠቃሚ ግኝት ነው፣ ታቢታ። የጫጫታ ጉዳት እንዲህ በግልጽ ታይቶ አያውቅም።»

ታቢታ መጀመሪያ የሰማችውን አላመነችም። ለካ እውነቱንም አልጣለውም። ለውጭ ሰው እውነቱን፣ ለባለ ጆሮዎቹ ውሸቱን አካፍሏል። ሁለቱም ለሱ ይጠቅሙታል።

«እዚያ ሲጨበጨብልዎ» አለችው፣ «አባይነሽ ጆሮዋ ይመለስላታል?»

«እንደዚያ አይደለም ነገሩ...»

«እማዬ» አለች ታቢታ በሲዳምኛ፣ ከእሱ ፊቷን ሳትነቅል፣ «እንግዳው ሊሄዱ ነው። በሩን ይክፈቱላቸው።» ሲዳምኛ ባያውቅም ገባው። ከሄደ በኋላ የተቀመጠበትን ወንበር ደጅ አውጥታ በሳሙና አጠበችው።

ዶክተሩ ከጉባኤው ሳይመለስ በዚያው ቀረ። ማሽኑ የሚያንቀሳቅሰው ጠፍቶ አንሶላ ለብሶ ክሊኒኩ ጥግ ቆመ። ሽመናው ክፍል እንደወትሮው ይንጫጫ ነበር። ታቢታን መናኸሪያ አጠገብ መድኃኒት ቤት ያለው ጠሀ የሚባል ነጋዴ አስጠጋት፤ ጆሮ የሚያመው ልጅ ያላት እናት ሁሉ ከባንኮኒው ጀርባ እሷን ትጠይቅ ጀመር።

አባይነሽ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ የሚያጸዱ ሴቶች ዘንድ ገባች። እዚያ ዋጋ በጣት ስለሚነጋገሩ ብዙ አልተቸገረችም። አንድ ቅዳሜ ታቢታ ዓሣ ልትገዛ ወርዳ አየቻት። ክርኗ ድረስ በቅርፊትና በደም ተነክራ፣ የዓሣ አንጀት ለአባ ኮዳዎቹ፣ ለነዚያ ትልልቅ ወፎች፣ እየወረወረች ነበር። ታቢታ ምን እንደምትል ስታስብ አባይነሽ ቀና አለችና ቢላዋዋን ዘረጋችላት።

«ነይ፣ ቆመሽ አትዪኝ!» ብላ ጮኸች ሐይቁ እስኪያስተጋባ። «አሥር ዓሣ ቀርቶኛል፤ ቁጭ በይና አግዥኝ!»

ታቢታ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች፤ እጇንም ዓሣው ሆድ ውስጥ ከተተች።