የምትጮኸው መኪናና የስንብት ደብዳቤዬ

መኪና አበላሽተሃል ተብዬ ከሥራዬ ተባረርኩ። አላበላሸሁም።

ቆሰበር ከተማ ውስጥ የአንድ ሆቴል ዘበኛ ነበርኩ። የሆቴሉን ባለቤት የጋሼን መኪናም አጥባለሁ። የጀርመን ናት፤ በዘመኗ ሚኒስትር የሚሄድባት ዓይነት። አሁን ዝናብ ሲመታት በሯ አልዘጋ ይላል። ያም ሆኖ ጋሼ ለሚስታቸው ያላሳዩትን ትዕግሥት ለእሷ ያሳያሉ።

ከአዲስ ዓመት ማግስት ጀምሮ የኋላ ማርሽ ሲገባ መጮህ አመጣች። ከኋላ ፓራውልቷ ላይ፣ ከታርጋው ግራና ቀኝ፣ ሳንቲም የሚያካክሉ አራት ሴንሰሮች አሉ፤ ግድግዳ ሲቀርባቸው ጢጥ ጢጥ ይላሉ። አሁን ባዶ ሜዳ ላይ ሳያቋርጡ ይጮኻሉ። አንድ ወር ያህል ከዛሬ ነገ ይሻላታል ሲባል ቆየና ከዳንግላ መካኒክ መጣ። ጎንበስ እንኳ ሳይል፣ "ማነው የሚያጥባት?" አለ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

"በቃ፣ ውሃ አግብቶባት ነው።"

"ድሮም ፊደል ላልቆጠረ ሰው መስጠቴ" አሉ ጋሼ።

በማግስቱ መካኒኩ ሴንሰሮቹን ሊነቅል ሲመለስ፣ ጋሼ ደግሞ የስንብት ደብዳቤና የጣት አሻራ ቀለም ይዘው መጡ። የጎልማሶች ትምህርት ሁለት ዓመት መማሬን ነግሬያቸው ነበር፤ አልሰሙም። በስሜ የተጻፈ የመጀመሪያው ደብዳቤ ስለሆነ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። "በቸልተኝነት" የምትለው ቃል ላይ ብዙ ቆየሁ።

"መቼ ልትጨርስ ነው?"

"ጋሼ፣ ለእኔ የተጻፈ ነው፤ ልጨርሰው።"

ጨርሼ፣ አልፈርምም አልኩ። "ሞተር ሳያስነሱ ቁልፉን ያዙሩና የኋላ ማርሽ ያስገቡልኝ።"

ቁልፏ ዞሮ የኋላ ማርሽ እንደገባ ጭቃ ስጠርግላት ሴንሰሮቹ እንደ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ሲሉ ሰምቼ አውቃለሁ። ጭቃው ላይ ተንበርክኬ ጆሮዬን በየተራ አስጠጋሁ። የሞተ ሴንሰር ዝም ይላል። አራቱም ቀጭ ቀጭ ይላሉ።

"ደኅና ናቸው። የሚጮኹት ፊታቸው አንድ ነገር ስላለ ነው።"

"ምን አለ? ጅብ?" አለ መካኒኩ።

እጄን ከታርጋው ሥር ስሰድ ሽቦ ያዝኩ። የአዲስ ዓመት ዕለት ጋሼ በገዛ እጃቸው ለምለም ሣርና አደይ አበባ አስረውባት ነበር። ሣሩም አበባውም ረግፎ፣ የሽቦው ጫፍ አንዱ ሴንሰር ፊት ተቆልምሞ ቀርቷል። በመካኒኩ ፒንሳ ቆረጥኩት። መኪናዋ ዝም አለች።

"ማነው ያሰረው?" አለ መካኒኩ። ማነው ማለት ይወዳል።

ጋሼ ሰማዩን አዩ። "ዝናብ ሊመጣ ነው። በል ሥራህን ያዝ።"

"በጽሑፍ ይሁንልኝ።"

ሁለት ሳምንት ያህል ቤቴ ተቀምጬ ጠበቅሁ። በአፋቸው አንተ የሚሉኝ ሰውዬ በወረቀት እርስዎ ብለው ጻፉልኝ፤ "ሴንሰሩ በባለሙያ ስለተስተካከለ ወደ ሥራዎ እንዲመለሱ" ይላል። ባለሙያው ማን እንደሆነ አይልም። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቀኑ ከላይ በቀኝ በኩል ነው፦ ጥቅምት 21። በማግስቱ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።