የእንድሪስ ቆርቆሮ

ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን የግቢውን በር ብርማ ቀለም ሲያስቀባ ሽታው በመስኮት ገባ። ልጄ አፍንጫዋን ይዛ ሸሸች፤ እኔ ግን መስኮቱን ይበልጥ ከፈትሁት። በዚያ ቤንዚን ቤንዚን በሚል ሽታ ውስጥ ጋሽ እንድሪስ ቆሞ ነበር፤ ብሩሹን ይዞ፣ ጣቶቹ እስከ አንጓቸው ብርማ ሆነው።

ጋሽ እንድሪስ ቆቦ ውስጥ ሰርግ የሚቀርጽ ሰው ነበር። ከአባቴ የቆርቆሮና የምስማር ሱቅ ጎን አንዲት ክፍል ስቱዲዮ ነበረችው። ግድግዳዋ ላይ ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ ተሰቅሏል፤ ወንዛችን ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ቢሆንም የከተማው ሙሽራ ሁሉ ፏፏቴ ስር ቆሞ ፎቶ ተነስቷል። ከሮቢት እስከ ጎብዬ ሙሽሮችን "ሳቅ በሉ እንጂ፣ ለቅሶ መጣችሁ እንዴ!" የሚላቸው እሱ ነበር። ራሱ ሲስቅ ያየሁት ግን ከስንት አንዴ ነው።

ታናሽ ወንድሙ ሰይድ መምህር ነበር። አንድ ልብ ወለድ አሳትሞ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። መጽሐፉ ውሃዋ ስላለቀባት ኮከብ ነው። ሰዎቿ ዝናብ ሲጠብቁ ይኖሩና መጨረሻ ላይ ተስፋ ቆርጠው፣ በጠፈር መንኮራኩር ተሳፍረው አገራቸውን ጥለው ይሄዳሉ። የእንድሪስና የሰይድ እናት እማማ ዘሀራ ማንበብ አይችሉም። ጋሽ እንድሪስ ከዳር እስከ ዳር አነበበላቸው፤ እሳቸው ግን በየመሃሉ "ኮከብ ላይ ደግሞ ምን ቤት አለ? ሰዎቹስ ምን ይመስላሉ?" እያሉ ያቋርጡታል። ዓይናቸው ደግሞ እየፈዘዘ ነበር፤ ሐኪሙም የጠፋው እንደማይመለስ፣ የቀረውም እንደማይቆይ ነግሯቸዋል። "ሰይዴ ያየውን ሳላይ እንዳልታወር" አሉት አንድ ቀን። መጽሐፉን ፊልም ማድረግ የጀመረው በዚያው ሳምንት ነው።

ከሰርግ በቀር ምንም ቀርጾ የማያውቅ ሰው! የኮከቧ ሰዎች የባጃጅ ሾፌሮች ነበሩ፤ የማዳበሪያ ጆንያ ብርማ ቀለም ቀብቶ አለበሳቸው። አባቴ ያረጀ ቆርቆሮ ሰጠው፣ እሱም ከእንጨት ጋር አያይዞ ሆርማት ወንዝ አሸዋ ላይ መንኮራኩር ሠራ። እኔ የኮከቧ የመጨረሻ ልጅ ነበርኩ። ማታ ማታ እናቴ የተቀባሁትን ብርማ ቀለም ከፊቴ ላይ በዘይት እየፈተገች "ልጄን የግቢ በር አደረጋት!" ትል ነበር።

ያን ዓመት ዝናቡ ቀረ። ማሽላው ከጉልበት ሳያልፍ ቅጠሉን ጠቅልሎ ቆመ፤ ከብቱ ከተማ ገብቶ ካርቶን ይበላ ጀመር። እስላሙ ዱዓ፣ ክርስቲያኑ ምህላ ይዞ ሁሉም ወደ ሜዳ ወጣ። በዚህ መሃል ነው እኛ አሸዋው ላይ ዝናብ የጠፋበትን ዓለም የምንጫወተው። አባ ያሲን የሚባሉ ገበሬ አንድ ቀን በትራቸውን ተክለው ቆሙ።

"እኛ ዝናብ እንለምናለን፣ አንተ ድርቅ ታጫውታለህ? ተው አቦ እንድሪስ!"

"እኔም እለምናለሁ፣ አባ ያሲን። መንኮራኩሩ የሚነሳበት ብቻ ነው የቀረኝ። እናቴ እየታወረችብኝ ነው።"

አባ ያሲን በትራቸውን ነቅለው ሄዱ።

በእኛ አገር ከዝናቡ በፊት ጎርፉ ይደርሳል። ደጋው ላይ ይዘንብና ቆላው ሰማይ ጥርት ብሎ ሳለ ውሃው በደረቁ ወንዝ ይመጣል፤ ገበሬው በአፈርና በቅርንጫፍ ከትሮ ወደ ማሳው ይጠልፈዋል። ተራራው ሲጠቁር ከወንዝ ውጣ የሚባለውን የቆቦ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። በዚያን ጠዋትም ተራራው ጠቁሮ ነበር። ጋሽ እንድሪስ አይቶታል። "እንጨርሳለን፣ ቶሎ እንጨርሳለን" እያለ መንኮራኩሩን የሚያነሳውን ገመድ ዳር ካለው ግራር ላይ አሰረ፤ እኔን መንኮራኩሩ ውስጥ አስገባኝ፤ ካሜራውን ከፍ ያለው ዳር ላይ አቁሞ ከፈተው።

መጀመሪያ የመኪና ድምፅ መሰለኝ። ቀጥሎ ጎርፉ በወንዙ ማዶ ጠርዝ በኩል አልፎን ሲወርድ፣ ገበሬዎቹም አካፋ ይዘው ሲሮጡ አየሁ። ከእኛ ትንሽ ዝቅ ብሎ የሠሩት ክትር መሃሉ ተደርምሶ፣ ስንት የለመኑት ውሃ ማሳቸውን ትቶ ቁልቁል ያልፍ ጀመር።

"እንድሪስ!" አሉ አባ ያሲን፣ ድምፃቸው ተሰብሮ። "ቆርቆሮውን ስጠን! ውሃው አመለጠን፣ ማለቃችን ነው!"

ጋሽ እንድሪስ መጀመሪያ እኔን ከውስጥ ጎትቶ አወጣኝ። ከዚያ መንኮራኩሩን አየው። "ያ አላህ" አለ፤ ገመዱን ፈታና ትከሻውን ለመንኮራኩሩ የሰጠ የመጀመሪያው ሰው እሱ ሆነ። እየገፉ ወስደው የተደረመሰው ላይ አጋደሙት፤ ድንጋይና ቅርንጫፍ ጫኑበት። ውሃው ተመልሶ ወደ ማሽላው ገባ። ሴቶቹ እልል አሉ። እሱ እስከ ወገቡ ጭቃ ውስጥ ቆሞ አለቀሰ፤ ሰዎቹ የደስታ መስሏቸው እየተሻሙ አቀፉት።

ሌላ መንኮራኩር ለመሥራት ተነሥቶ ነበር። ማሽላው ሳይታጨድ የእማማ ዘሀራ ዓይን ጠፋ።

ያም ሆኖ እስከዚያ የቀረጸውን ይዞ ወደ እናቱ ሄደ። ቴሌቪዥኑን አልጋቸው አጠገብ አስቀመጠ፤ እኔም እግራቸው ሥር ተቀመጥሁ። እማማ ዘሀራ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዙረው የሚታየውን እሱ እየነገራቸው ሰሙ። መጨረሻው ላይ በጎርፉ ቀን ካሜራው ብቻውን የቀረጸው መጣ።

"ምንድነው የሚያጉረመርመው?"

"ጎርፍ ነው፣ እማ።"

"ውሃ አጥተው አልነበር? መጣላቸው እንዴ?"

ሰይድ በጻፈው ውስጥ ውሃው አልመጣም። ጋሽ እንድሪስ ወደ እናቱ ጠጋ አለ።

"መጣላቸው፣ እማ። አገራቸው ቀሩ።"

"አልሐምዱሊላህ" አሉ፤ እጃቸው የልጃቸውን ራስ ፈልጎ አገኘው። "እንግዲያስ ሰይዴ ደግ ነገር ነው የጻፈው።"

ጋሽ እንድሪስ ሌላ ፊልም ሳይሠራ፣ ሰርግ ሲቀርጽ ኖሮ ሞተ። ባለፈው ክረምት ቆቦ ሄጄ ወንዙን ተከትዬ ወረድሁ። ክትሩ በየዓመቱ አፈር እየተጨመረበት ትልቅ ሆኗል። አንድ ወጣት ገበሬ ውሃ ሲመልስ አገኘሁና የቦታውን ስም ጠየቅሁት።

"እንድሪስ ቆርቆሮ" አለኝ።

እንድሪስ ማን እንደሆነ ግን አያውቅም ነበር። አካፋውን ተደግፎ እስኪሰለቸው ድረስ ነገርሁት።