ጀርባህን ለጣና ስጥ

ባለፈው ሳምንት ቁሐር ሚካኤል ለቅሶ ደርሼ ስመለስ፣ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ሰው ለማውረድ አንድ ግቢ ደጃፍ ላይ ቆመ። በአጥሩ ቀዳዳ አየት ሳደርግ አንድ አሮጌ ዲሽ መሬት ላይ ተንጋሎ ቀይ በርበሬ ተሰጥቶበታል። ለስጥ ደግሞ እንዴት ይመቻል፤ ዙሪያው ከንፈር አለው፣ ነፋስ አይበትነውም፣ ዶሮም እንዳሻት አትገባበትም። ብቻዬን ሳቅሁ። አብረውኝ የተሳፈሩት ሰዎች፣ ከለቅሶ የሚመለስ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ብቻውን ሲስቅ ጊዜ እርስ በርስ ተያዩ። ነገሩ ረጅም ስለሆነ ለእነሱ አልነገርኳቸውም፤ እዚህ ላውራው።

ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ወረታ ውስጥ ዲሽ ያለው ቤት በጣት ይቆጠራል። ታላቅ ወንድሜ ይበልጣል ባሕር ዳር ዲሽ እየሰቀለ ይኖር ነበርና አንድ ክረምት እሱ ዘንድ ከርሜ መጣሁ። እውነቱን ለመናገር ያን ክረምት የእኔ ሥራ መሰላል መያዝና ገመድ ማቀበል ነበር። ወረታ ስመለስ ግን ሰው ሁሉ ባለሙያ አድርጎ ተቀበለኝ፤ እኔም አላስተባበልኩም። «ዲሽ ትሰቅላለህ?» ሲሉኝ «ሰቅለናል» እላለሁ። «ሰቅያለሁ» ብል ውሸት ይሆንብኛል። «ሰቅለናል» ግን የወንድሜን ሥራ ከእኔ መሰላል ጋር ደርቦ ስለሚይዝ ሕሊናዬን አይቆረቁረኝም ነበር። በዚያ ዕድሜዬ በዚህች አንዲት ቃል ስንት ቀን ደረቴን ነፍቼ እንደሄድኩባት እኔ ነኝ የማውቀው።

ጎረቤታችን ጋሽ ኑሩ በዋናው መንገድ ዳር ጨርቃ ጨርቅ፣ ምስማርና ሻይ ቅጠል በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሸጡ ነጋዴ ነበሩ። ከባለቤታቸው ከእትዬ ዘሃራ ጋር ሐጅ ለመሄድ ዓመታት ሲመኙ ኖረው፣ ልክ ጊዜው ሲደርስ የጋሽ ኑሩ ጉልበት አሻፈረኝ አለ። ወንዛዬ ፍል ውሃ ቢመላለሱም አልሻል አላቸው። እትዬ ዘሃራ «እስኪሻልህ እጠብቅና አብረን እንሄዳለን» ይላሉ፤ ጋሽ ኑሩ «አንቺ ሂጂ» ይላሉ። ክርክሩ በአጥር አልፎ እኛ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር። በመጨረሻ ጋሽ ኑሩ አሸነፉና እትዬ ዘሃራ ብቻቸውን፣ ከሌሎች ተጓዦች ጋር ሄዱ።

ጋሽ ኑሩ ቴሌቪዥን ነበራቸው። አንድ ጣቢያ ብቻ ይይዛል፤ እሱም ነፋስ ሲነሳ ወንፊት ይሆናል። በዲሽ ግን ያለ ምንም ክፍያ ቀንና ሌሊት መካን የሚያሳይ የዐረብ ጣቢያ እንዳለ ሰምተው ከይበልጣል ላይ ዲሽ ገዙ። ሳሕኑ የሚታሰርበትን የብረት ዘንግ ግንበኛ መጥቶ ከመጋዘኑ ግድግዳ ጋር በሲሚንቶ አሰረው። ይበልጣልም ሪሲቨሩን ጣቢያ ሞልቶበት፣ ሳሕኑን ከነካርቶኑ በሚኒባስ ልኮ «እሑድ መጥቼ እሰቅለዋለሁ» አለ።

ወሬው የመጣው ሐሙስ ነው። ከጎንደር የመጣ የጭነት መኪና ሹፌር ሻይ ቤት ተቀምጦ «መካ ላይ ሰው ተጎድቷል አሉ» ብሎ ተናገረ። ሻይ ቤት ውስጥ «ተጎድቷል» የነበረው እህል ተራ ሲደርስ «አልቋል» ሆነ፤ ጋሽ ኑሩ ሱቅ ሲደርስ ደግሞ የሐጃጆቹ ድንኳን ሁሉ ነዷል። ጋሽ ኑሩ ራዲዮ ከፈቱ፤ ራዲዮው ስለ ሩዝ ምርት ያወራል። ወደ ተጓዦቹ መሪ ደወሉ፤ ስልኩ አይሠራም። ሃያ ጊዜ ሞከሩ፣ ያው ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሱቃቸውን ዘግተው እኛ ቤት መጡ። በሥራ ቀን ሱቃቸውን ሲዘጉ ያን ቀን ነው ያየሁት።

«ደሴ፣ አንተ ዲሽ ትሰቅላለህ አይደል?» አሉኝ።

«ሰቅለናል» አልኩ እንደ ልማዴ።

«እንግዲያ ተነሥ፣ ና ስቀልልኝ። እሑድን የምጠብቅበት አንጀት የለኝም።» ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለና፣ «እሷ እኮ እጠብቅሃለሁ ብላኝ ነበር። ሂጂ ብዬ የገፋኋት እኔ ነኝ» አሉ።

ያኔውኑ «እኔ አልችልም» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ፊታቸውን አይቶ እንደዚያ የሚል ሰው ያለም አይመስለኝም።

ኅዳር ሊያልቅ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። ሩዙ ታጭዶ በየአውድማው ይወቃል፤ ነፋሱ እብቁን እስከ ከተማው እያመጣ ዓይን ውስጥ ይሞጅረዋል። መጋዘኑ ጣሪያ ላይ ወጣሁና ሳሕኑን ከዘንጉ ጋር አሰርኩት፤ ብሎኖቹን ግን እንዲዞር ብዬ ላላ አድርጌ ተውኳቸው። እስከዚህ ድረስ መሰላል ያዥም ይችላል። ከዚያ ለይበልጣል ደወልኩ። እሱም ባሕር ዳር ላይ የሰው ጣሪያ ላይ ኖሯል፤ ተጣድፏል።

«ቀላል ነው» አለኝ። «ጀርባህን ለጣና ስጥ። እንደቆምክ ሳሕኑን ግማሽ ያህል ወደ ቀኝ እጅህ አዙረው። ብዙ አታጎንብሰው፣ ሰማይ ሰማይ ይይ። ከዚያ እየቆየህ ትንሽ ትንሽ ነካ አድርገው።»

ወረታ ላይ ጣሪያ ወጥቶ ጣና በየት በኩል እንደሆነ የሚጠፋው ሰው የለም። የፎገራ ሜዳ እየራቀ እየራቀ ይሄድና መጨረሻው ላይ ነጣ ያለ መስመር ይሆናል፤ እሱ ነው። ለዚያ መስመር ጀርባዬን ሰጠሁ። ፊት ለፊቴ የደብረ ታቦር ተራሮች መጡ። ሳሕኑን ወደ ቀኝ ግማሽ አዞርኩ።

የጋሽ ኑሩ ልጅ ሰዓዳ፣ የእኔ እኩያ፣ ቤት ውስጥ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጣ በመስኮት ትነግረኛለች። ቴሌቪዥኑ ላይ ሁለት መስመሮች አሉ፤ የታችኛው ከሞላ ዲሹ ሳተላይቱን አገኘ ማለት ነው። እኔ ሳሕኑን የጣት ውፍረት ያህል እገፋለሁ፤ ሰዓዳ «የለም» ትላለች። እመልሳለሁ፤ «የለም»። ከፍ አደርጋለሁ፤ «የለም»። አንድ ሰዓት ሙሉ ከዚህች ልጅ አፍ ሌላ ቃል አልወጣም።

ጋሽ ኑሩ ከታች ዘንጋቸውን ተደግፈው አንጋጠው ሲያዩኝ ቆዩና፣ «ልጄ፣ ይኸ ምስል ከመካ አይደል የሚመጣ?» አሉኝ።

«አዎ፣ ከመካ ነው።»

«ዛዲያ መካ በዚህ በኩል አይደለም እንዴ?» ዘንጋቸውን አንሥተው በሰሜን በኩል ጠቆሙኝ። በቀን አምስት ጊዜ የሚዞሩበትን አቅጣጫ እኔ ላስተምራቸው አልችልም። ምስሉ ከመካ ወደ ሰማይ ወጥቶ፣ ከሰማይ እንደሚወርድልን ከይበልጣል ሰምቻለሁ። ግን የተሻለ ነገር አልነበረኝምና አዞርኩት። እሳቸው መካ ያሉኝ በኩል ለእኔ ጣራ ገዳም ያለበት ነው፤ ይህን ግን ልቤ ውስጥ ያዝኩት። ሁለታችንም በየፊናችን እየጸለይን ጠበቅን።

«የለም» አለች ሰዓዳ።

የነቢያት ጾም ገብቶ ስለነበር ሰዓዳ ለብቻዬ ሽሮ ሠርታ፣ በሩዝ እንጀራ አድርጋ አቀረበችልኝ፤ እኔም ከመሰላሉ ወርጄ ቀመስኩት። የሩዝ እንጀራ ትኩስ ሲሆን እወዳለሁ፤ ያን ቀን ግን ሁለቴ ጎርሼ ተውኩት። ጋሽ ኑሩ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። ልጃቸው ስትለምናቸው «እሷ በላች ወይ?» አሉ። ውሸቴ እንዲህ ያለ ቦታ ያደርሰኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። አፈርኩ፣ ፈራሁም።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ግድም እንደገና ጣሪያ ላይ ወጥቼ ለይበልጣል ደወልኩ።

«ይበልጣል፣ እኔ አንድም ቀን ሰቅዬ አላውቅም» አልኩት።

«እሱንማ አውቃለሁ። መሰላሉን ማን ይዞልኝ ነበርና? አሁን ጀርባህን ለጣና ሰጥተሃል?»

«ሰጥቻለሁ። ዞር ባልኩ ቁጥር ፀሐይዋ ጣና ላይ ልትገባ ስለሆነ ዓይኔን አጠፋችው።»

ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ምን ላይ ልትገባ?»

«ጣና ላይ ነዋ።»

«ፀሐይ ጣና ላይ አትገባም።»

«ወረታ ላይ ትገባለች» አልኩት።

ከዚያ ነገሩ ለሁለታችንም በአንድ ጊዜ ገባን። ባሕር ዳር የሐይቁ ደቡብ ዳርቻ ላይ ናት፤ እዚያ ለሚኖር ሰው ጣና በሰሜን ነው። ወረታ ደግሞ በምሥራቁ በኩል ስለሆነች ለእኛ ጣና ምዕራብ ነው። ወረታ ተወልዶ ያደገው ወንድሜ ስድስት ዓመት ባሕር ዳር ሲኖር ጣና ዞሮበት ነበር። እኔም ወንድሜን አምኜ ሳሕኑን ፀሐይ መውጫ ላይ ገትሬው ዋልኩ።

ይበልጣል ሳቁ ሲያባራለት፣ «በል ጣናን ተወው» አለኝ። «ካለህበት ወደ እኔ አዙረው። መንገዱን አትከተል፣ ከተማው ራሱ ያለበትን ገምት።»

ሳተላይቱ ያለው በደቡብ ምዕራብ ነው፤ ባሕር ዳርም ከወረታ በዚያው በኩል ናት። ወደዚያ አዞርኩት። ሰዓዳ «የለም» አለች። ትንሽ ገፋሁት፤ «የለም»። ሌላ ትንሽ ገፋሁት። መልስ የለም። ልጅቷ ሰልችቷት የሄደች መሰለኝና ወደ መስኮቱ አጎነበስኩ።

«ደሴ፣ እንዳትነካው» አለች ቀስ ብላ፣ ድምጿ የሚያነቃንቀው ይመስል።

ብሎኖቹን አጠበቅሁና ወረድኩ። መጀመሪያ የመጣው አንድ ሽንኩርት የሚከትፍ ዐረብ ነው። ሰዓዳ ሪሞቱን እየተጫነች ዜና አለፈች፣ ኳስ አለፈች፣ ከዚያ መካ መጣ። ሰው እንደ ጎርፍ ሆኖ ጥቁሩን ቤት ይዞራል። የሚሮጥ የለም፤ የሚጮኽ የለም፤ ጭስ የለም። አንዱ ሽማግሌ ቆሞ ፊቱን በነጠላው ይጠርጋል፣ ሌላው ልጁን ትከሻው ላይ አድርጓል።

«የዛሬ ነው? የከረመ ቢሆንስ?» አሉ ጋሽ ኑሩ።

ሰዓዳ በመስኮት ብቅ ብላ ሰማዩን አየች። «አባ፣ ሰዓታችን እኮ ከእነሱ ጋር አንድ ነው። ተመልከት፣ ፀሐይዋ ሚናራው ጫፍ ላይ ብቻ ቀርታለች። እኛም ዘንድ ይኸው እየገባች ነው።»

ጋሽ ኑሩ «አልሐምዱሊላህ» አሉና ተቀመጡ። እንባቸው ጺማቸው ላይ ወረደ፤ ሊጠርጉትም አልሞከሩም። እኔም የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አልኩ። በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ደስ ብሎኛል፤ እንደዚያን ቀን ግን ትንፋሼ ሙሉ ሆኖ ወጥቶ አያውቅም።

ጥቂት ቆይተው ጋሽ ኑሩ ዘንጋቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ዘረጉ። «ያቻትና» አሉ። ነጭ ሻርፕ የለበሰች፣ ወደ ግራ ዘንበል እያለች የምትራመድ ሴት ከጀርባዋ ትታያለች።

«አባ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል?» አለች ሰዓዳ።

«ሠላሳ ዓመት አብሬያት የሄድኩ ሰው፣ አረማመዷን ልስተው ነው?»

ካሜራው ወደ ሌላ ዞረ። ጋሽ ኑሩ እንጀራ እንዲቀርብ አዘዙና ከእኔ ጋር ሽሮውን በሉ። በማግስቱ የተጓዦቹ መሪ ደወለ፤ ባትሪው አልቆበት ኖሯል። ሁሉም ደኅና ናቸው። ሹፌሩ የሰማውም የሌላ ጊዜ የቆየ ወሬ ሆኖ ተገኘ።

እትዬ ዘሃራ ሲመለሱ ቤቱ በጎረቤት ሞላ። ጋሽ ኑሩ ያዩትን ለእንግዶቹ አወሩ። እትዬ ዘሃራ ቴምር እያደሉ ያዳምጡ ነበር።

«በየትኛው ቀን ነው ያየኸኝ?» አሉ።

«ሐሙስ፣ ሊመሽ ሲል።»

«ምን ለብሼ ነበር?»

«ነጭ ሻርፕ።»

«እንግዲያ እኔ ነኛ» አሉ፣ ቴምራቸውንም ማደል ቀጠሉ።

ስወጣ በር ላይ ያዙኝና «ሐሙስ ዕለት እግሬ አብጦ ቀኑን ሙሉ ተኝቼ ነው የዋልኩ» አሉኝ በሹክሹክታ። «አደራህን።» አደራቸውን ጠበቅሁ፤ ስለ ዲሹ አሰቃቀል እኔም የራሴ ምስጢር ነበረኝ። «ሰቅለናል» የምትለዋን ቃል ከዚያ ወዲህ አልተጠቀምኩባትም፤ ይበልጣል ዘንድ ሁለት ዓመት ሠርቼ ሙያውን ከተማርኩ በኋላ «ሰቅያለሁ» ለማለት በቃሁ።

ጋሽ ኑሩ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። እስከ መጨረሻው ድረስ ያቺን ሴት እንዳዩ ለሰው ሲያወሩ ኖሩ። እኔም ያን ጊዜ ሳስበው፣ እትዬ ዘሃራን አላየንም፣ ያን ማታ ያገኘነውም ማረጋገጫ የለም፤ የሌላ ሰው አረማመድ ብቻ ነው ያየነው። እፎይታው ግን እውነት ነበር፤ ዛሬም ሳወራው ይሰማኛል። አሁን እትዬ ዘሃራ በጣም አርጅተዋል፣ ሰውም ሐጂያ ይላቸዋል። በቅርቡ ልጠይቃቸው ሄጄ ስንጫወት፣ ለጋሽ ኑሩ እውነቱን ሳይነግሯቸው መቅረታቸው ቆጭቷቸው ያውቅ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ምን እውነት አለው?» አሉኝ። «ያን ቀን ያየው እኔን ነው። ሌላ ሴት ሲያይ ውሎ ቢሆን ኖሮ ዝም እለው ነበር?»