የቨርሊን ሦስተኛ ቁልፍ

ቨርሊን ሃካቢ ክፉ ቃል ከአፏ የማይወጣ ሴት ናት ይባል ነበር። ይህን የሚሉት በርልን ከማወቋ በፊት የሚያውቋት ሰዎች ናቸው።

ሰሜኑ በረዶ ሲለብስ ጡረተኛው ሁሉ ቤት-መኪናውን እየነዳ ወደ አሪዞና በረሃ ይወርድና እኛ ሰፈር ጎን ለጎን ተሰልፎ ይከርማል። ቦታ ቦታችንን ከያዝን በኋላ ቤቶቻችን ይወፍራሉ፤ የሳሎኑ ወይም የማድቤቱ ግድግዳ እንደ ቁምሳጥን መሳቢያ ወደ ውጭ ይገፋና ኮሪደር የነበረው ሁሉ ሰው የሚዞርበት ክፍል ይሆናል። መሳቢያ እንለዋለን። መሳቢያው ተዘግቶ ባለበት ቤት ባልና ሚስት የሚተላለፉት አንዳቸው ትንፋሽ ሲይዝ ብቻ ነው።

የቨርሊን ቤት አሮጌ ነው። ለእያንዳንዱ መሳቢያ የየራሱ የሚጫኑት ቁልፍ አለው፤ አንደኛው የሳሎን፣ ሁለተኛው የማድቤት፣ ሦስተኛው የመኝታ ቤት። ሦስተኛውን ነክታው አታውቅም። መኝታ ቤቱ ወደ ውጭ የሚወጣበት ቦታ፣ ጥላው ላይ፣ ባሏ ኦርቪል በእጁ የሠራት የእንጨት ወንበር ተቀምጣለች፤ እሱ ከሞተም በኋላ ቨርሊን አመሻሽ ላይ ከጎኗ ሌላ ወንበር ታወጣና የቀኑን ወሬ ለባዶዋ ወንበር ታወራለች። ለዚህች ወንበር ስትል መኝታ ቤቱን ሳታወጣ ግድግዳ አቅፋ ትተኛለች።

በርል የመጣው ባቡር በሚያክል አዲስ ቤት ነው፤ ከሚስቱ ከማርዲ እና ጥጃ ከሚያካክሉ ሁለት ውሾቹ ጋር። ገና ሞተሩ ሳይበርድ የቨርሊንን ሎሚ ጭማቂ እየጠጣ የቁልፎቿን ረድፍ በበሩ በኩል አየና፣ “ጎረቤት፣ ይሄ ቤት ነው ፒያኖ?” አላት። እሷም ሳቀች። የሱ አራቱም መሳቢያዎች በአንድ ቁልፍ እንደሚታዘዙ ነገራት፣ ለጎረቤቶቹ ነገረ፣ በአካባቢው ላሉ እንሽላሊቶችም ሳይነግር አልቀረም። ከዚያ ሊያሳያት ገባ።

እኛ ዘንድ ውሻ እንኳ የሚያውቀው ሕግ አለ፤ ቁልፍ ከመጫንህ በፊት ወጥተህ ዙሪያውን ታያለህ። በርል አላየም። ቨርሊን ቆይ ብላ ሳትጨርስ የሱ የማድቤት መሳቢያ ወጣና የኦርቪልን ወንበር ከግድግዳዋ ጋር አጣብቆ አደቀቃት።

በርል ብቅ ብሎ ስብርባሪውን አየ፤ ሳቅም አለ።

“ወንበር ናት እንጂ ሰው አይደል” አላት። “ደሞስ የሞተ ሰው መች ሊቀመጥባት ነው?”

ካለው የፕላስቲክ ወንበር አንዱን እሰጥሻለሁ አላት። ቨርሊን ስብርባሪዋን አንድ በአንድ ለቅማ በጆንያ አደረገች፣ ጆንያውን አልጋዋ ላይ አስቀመጠች፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። ያ ሰውዬ የሰበረው የኦርቪልን ወንበር መሆኑን ሰው ፊት በራሱ አፍ እንዲናገር። ለዚህም ነፋስ መጠበቅ ጀመረች።

የአቧራ ነፋስ ሲመጣ ሁላችንም መሳቢያዎቻችንን እንሰበስባለን። ሲያልፍ ደግሞ በሁለት ቤት መካከል ያለው ክፍተት መሳቢያውን ቀድሞ ላወጣ ሰው ነው፤ የሰፈሩ ደንብ ነው፣ ማንም ተከራክሮበት አያውቅም። ነፋሱ ሰማዩን ቡናማ አድርጎ መጣ። ሰፈሩ በሙሉ ቀጠነ። ጋብ ሲልም በርል መስታወት ፊት ቆሞ ጸጉሩን ከአቧራ ሲያራግፍ ቨርሊን ወጣች፣ እንደ ደንቡ ዙሪያውን አየች፣ ተመልሳ ገብታ ሦስተኛውን ቁልፍ ተጫነች። መኝታ ቤቱ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እያቃሰተ ወጣ። አንደኛና ሁለተኛውን አልነካቻቸውም፤ አላስቸኮሏትማ።

በርል ያቺን አንዲቷን ቁልፉን ተጫነ። የማድቤቱ መሳቢያ ትንሽ ሄዶ ከቨርሊን መኝታ ቤት ጋር ግንባር ለግንባር ተገናኘና ቆመ። የነዚህ ዘመናዊ ቤቶች ጠባይ ደግሞ አንዱ መሳቢያ ከታገደ አራቱም ያኮርፋሉ።

መጥቶ በሯን አንኳኳ። “ያቺን አንዷን ብቻ አስገቢልኝ።”

“የቷን?”

“የመኝታ ቤቷን።”

“ፒያኖ አይደል ያልከው? እየተለማመድኩ ነው።”

የሰፈሩ ኃላፊ ዘንድ ሄዶ ጮኸ፤ ኃላፊው ቀድማ ከፍታለች አለው። ቤቱን ነቅሎ እንዳይሄድ፣ ቦታ የለቀቀ ሰው ቦታው ለተራ ጠባቂ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ በርል፣ ማርዲ እና ሁለቱ ጥጆች ኮሪደር ውስጥ ኑሮ መሠረቱ። በርል አልጋው ላይ ለመገላበጥ አንዱ ውሻ ወደ ውጭ መውጣት ነበረበት። ምድጃው አይከፈት፤ ቅዳሜ ደግሞ ቺሊ የሚባለው ወጥ የሚሠራበት ውድድር ነው፣ በርል ከየሰፈሩ ዋንጫ በሰበሰበበት ቀይ ቦሎቄና ሥጋ ሊያሳፍረን የዛተበት። የፕላስቲክ ወንበሮቹም ካልወጣው ግድግዳ ጀርባ ተቆልፈው ቀሩ።

ወንበሮቹ ናቸው የጨረሱት። አመሻሽ ላይ ሁላችንም መጠጣችንንና ወንበራችንን ይዘን ክብ ሠርተን እንቀመጣለን፤ ወንበር ማዋስ የለም፣ የሌለው ይቆማል። በርል ቆመ። በነጋታውም ቆመ። ዓርብ ዕለት እግሩ የሌላ ሰው እስኪመስል አብጦ፣ “እንዴት አንድ ሰው ወንበር አይሰጠኝም?” አለ።

ቨርሊን ቀና አላለችም። “ወንበር ናት እንጂ ሰው አይደል።”

ከአጠገቡ የቆመችው ማርዲ፣ “በርል፣ እኔ ከውሻ ጋር ተቃቅፌ መተኛት ሰልችቶኛል፤ ተናገር” አለችው።

“ሳላይ ተጫንኩ” አለ በርል፣ ጫማውን እያየ። “የሰበርኩት እኔ ነኝ። ስቄአለሁም።”

“የማንን ወንበር?” አለች ቨርሊን።

“የኦርቪልን።”

“ጮክ በል” አለችው። “እሱ ጆሮው ከበድ ይል ነበር።”

በርል ጮኸ። የኦርቪል ስም ከተራራው ጋር ተላትሞ ተመለሰ። ቨርሊን መጠጧን ጨርሳ፣ በቀስታ ተነስታ ገባች፤ መኝታ ቤቱም እያቃሰተ ተመለሰ።

በማግስቱ በርል ቺሊውን ሠራ። ከቀማሾቹ አንዷ ቨርሊን ነበረች። አንድ ማንኪያ ቀምሳ ረጅም ጊዜ አሰበችና ጨው ጎድሎታል አለች።

ወንበሯን ራሱ በርል በሙጫና በሚስማር ገጣጥሞ አመጣላት፤ ወደ ግራ ታጋድላለች። ቨርሊን ከደጃፏ ፊት ለፊት አኖረቻት፤ መኝታ ቤቱ የሚወጣበት ቦታ አሁን ባዶ ነው። ጠዋት ጠዋት፣ ፀሐይ ከተራራው ብቅ ስትል፣ ሦስተኛውን ቁልፍ ትጫንና መኝታ ቤቱን አንድ ስንዝር አውጥታ መልሳ ታስገባዋለች። ድምፁ በተሰማ ቁጥር ከዚያ ባቡር ውስጥ ቁምጣ የለበሰ ሰውዬ እየሮጠ ይወጣና ዙሪያውን ያያል።