የአባባ ድምፅ ያለበት ዲስክ

ባለቤቴ ምህረቱ ሁሉን ነገር ሁለት ሁለት አድርጎ የሚይዝ ሰው ነው። ሁለት የበር ቁልፍ፣ ሁለት የእጅ ባትሪ፣ ሁለት ጃንጥላ። ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ብርድ ልብስ ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ጥገና ሠራተኛ ሆኖ ሃያ ሁለት ዓመት ሲያገለግል፣ መለዋወጫ የሌለው ማሽን ምን እንደሚያመጣ አይቷል። እኔ አልታየች እባላለሁ፤ የሂሳብ አስተማሪ ነኝ። በዚህ ጠባዩ ስቀልድበት ነው የኖርኩት። "አንድ ብቻ የያዝከው ነገር ቢኖር ሚስት ነው" ስለው ፈገግ ብሎ ያልፈኛል።

የቤታችንን ኮምፒውተርም በዚሁ ጠባዩ ነው የሠራው። ያገለገሉ ሁለት ሃርድ ዲስኮች ከመርካቶ ገዝቶ አንድ ላይ አጣመራቸው። ሬይድ ይሉታል። የሚጻፈው ነገር ሁሉ በሁለቱም ላይ እኩል ይጻፋል፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ሙሉውን ይዞ ይተርፋል። ሠርቶ ሲጨርስ እጁን በጨርቅ እየጠረገ "ከእንግዲህ ምንም አይጠፋብንም" አለኝ። አመንኩት።

አባቱ ቄስ ገብረመንፈስቅዱስ አንኮበር አጠገብ የአንዲት ገጠር ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበሩ። ምህረቱ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ዲቁናውን ትቶ ወደ ከተማ ሲወጣ ሳይመርቁት ነው የለቀቁት። ከዚያ በኋላ ሲገናኙ ይሳሳማሉ፣ ስለ ገብሱና ስለ ውርጩ ያወራሉ፤ የዚያን ቀን ነገር ግን አንዳቸውም አንስተውት አያውቁም። ምህረቱ ግን አልረሳውም። ፋብሪካው ውስጥ እጁን ማሽን በያዘው ጊዜ፣ የመጀመሪያ ልጃችን በሞተችብን ጊዜ፣ "ያልተመረቀ ሰው ነኝ እኮ" ሲል ሰምቼዋለሁ።

በ2014 ዓ.ም. የካቲት ላይ አባባ ዓይናቸው ደክሞ ወደ እኛ ሊመጡ ሆነ። ምህረቱ እንዳይረሳው ኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ በቢጫ ማስታወሻ ጻፈ፦ "ሐሙስ በስምንት ሰዓት አባባን ከመናኸሪያ መቀበል።" በማግስቱ አልጋቸውን ለማስገባት ጠረጴዛውን ከነኮምፒውተሩ ጎትተን ወደ መስኮቱ አስጠጋነው። በዚያ ጉተታ ከኮምፒውተሩ ውስጥ ካሉት ኬብሎች አንዱ ላልቶ፣ አንደኛው ዲስክ ከዚያች ቀን ጀምሮ መጻፍ እንዳቆመ ማናችንም አላወቅንም። ሌላው ብቻውን ሲሠራ ኮምፒውተሩ ምንም የጎደለው አይመስልም ነበር።

ሐሙስ ዕለት ምህረቱ ከሥራ ሲወጣ ዘገየ። አባባ መናኸሪያው ውስጥ ቦርሳቸውን እግራቸው ሥር አስቀምጠው በብርዱ ቆመው አገኛቸው። "ቆየህብኝ፣ ልጄ" አሉት። ጋቢ ይዞላቸው ነበርና አለበሳቸው።

በመጡ በሳምንቱ አባባ ስክሪኑን ተጠግተው አዩና "ይሄ ምን የሚሉት ቁጥር ነው?" አሉ።

"ዓመተ ምሕረቱ ነው፣ አባባ። በፈረንጅ 2022 ነው።"

"እኛ ገና አሥራ አራት ላይ ነን። በዚህ ቤት በማን ዘመን ነው የምንኖረው?"

ምህረቱ ቁጭ አለና የኮምፒውተሩን ቀን 2014 አደረገላቸው። እኔ "ስምንት ዓመት ከዕድሜያችን ቀነሱልን" ብዬ ሳቅሁ። ቀኑ እንደዚያው ቀረ። እሳቸውም ከሰዓት በኋላ ከሰዓት በኋላ እዚያው ተቀምጠው፣ ቀንና ወሩን እየጠሩ፣ ዜማቸውንና የሚያስታውሱትን ሁሉ በማይክሮፎን ይቀርጹ ነበር።

በዓመቱ፣ ጥር ላይ፣ በጠና ታመሙ። ምህረቱ ፋብሪካ ተረኛ ነበር። ጠሩኝና "መቅረጫውን ክፈቺልኝና አንቺ ውጪ። ለእሱ ነው" አሉኝ። ከፈትኩላቸው፤ በሩን ዘግቼ ውጪ ቆምኩ። ሃያ ደቂቃ ያህል ሲያጉረመርሙ ይሰማኛል። ቃሉ አይለይም፤ "ምህረቱ" ሲሉ ግን ሁለት ጊዜ ሰማሁ። ዝም ሲሉ ገባሁ፣ የተቀረጸውን አስቀመጥኩ። ልጃቸው ከሥራ ሳይመለስ አረፉ።

ምህረቱ የተቀረጸውን አልከፈተውም። ምርቃት ይሁን ወቀሳ አያውቅማ። "ሙት ዓመታቸው ሲደርስ ወንድሞቼ ባሉበት እሰማዋለሁ" አለኝ። ፈርቷል፤ እኔም አልጎተጎትኩትም። ኮምፒውተሩን በአባባ ጋቢ ሸፍኖ የክፍሉን በር ዘጋው። ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሳምንት እስኪቀር የነካው ሰው የለም።

ታኅሣሥ ላይ፣ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ጋቢውን ገለጠው። ሽፋኑን ፈትቶ አቧራውን አራገፈ፤ ያገኘውን ኬብል ሁሉ ጠበቅ ጠበቅ አደረገ። ሲያበራው ኮምፒውተሩ አልከፈትም አለ። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ። የማዳኛ ፕሮግራም በፍላሽ አስገባና ዲስኮቹን አንድ በአንድ ጠየቃቸው። እኔ ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"ሁለቱም ደኅና ናቸው" አለኝ። "ግን አልተስማሙም። መጨረሻ የተጻፈበት ቀን ይለያያል። አንዱ 2022 ይላል፣ አንዱ 2015።"

"ታዲያ ምን ቸገረህ? የቅርቡን ትይዛለህ፣ በሌላው ላይ ትገለብጠዋለህ።"

"2022ም ቢሆን አንድ ዓመት ይጎድለዋል። አባባ ያረፉት በ2023 ነው።"

"የኮምፒውተር ቀን መቼ ልክ ሆኖ ያውቃል?"

"2015ቱስ?"

"ያገለገለ ዲስክ አይደል የገዛኸው? የቀድሞ ባለቤቱ የተወው ቀን ይሆናል።"

ከቀኖቹ በታች ሌላ ቁጥር ነበር። በ2015ቱ ዲስክ ላይ ያለው በጣም ይበልጣል። ምህረቱ ጣቱን አሳርፎበት ቆየ። ምን እንደሆነ አላወቀም፤ እኔም አላወቅኩም። አሁን አውቀዋለሁ፤ ዲስኩ ስንት ጊዜ እንደተጻፈበት የሚቆጥር ነው።

"ሰኞ ወገኔን ሌላ ዲስክ ላስመጣው" አለ። ወገኔ የፋብሪካው ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። "መጀመሪያ ሁለቱንም ቀድቼ ላስቀምጥ።"

ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። "ሁለት ሲገርመን ሦስት ልታደርገው ነው?" አልኩት። "2022 ከ2015 ይበልጣል፤ ይሄን የማያውቅ ተማሪ የለኝም።" ሳቅ ብሎ አየኝ። ከዚያ ትእዛዙን ጻፈና ተጫነው።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር። ስክሪኑ ላይ አንድ በመቶ፣ ሁለት በመቶ እያለ ይቆጥራል። ምህረቱ እንጀራ ሊገዛ ወጣ። ከአንኮበር በኩል ጉም እየተንከባለለ መጥቶ የጎረቤታችንን አጥር ዋጠው፤ ግቢያችን ውስጥ የተሰጣው ልብስ እንኳ አይታይም። ወጥ ቤት ሆኜ ሽንኩርት ስከትፍ ከዚያ ክፍል የሰው ድምፅ ሰማሁ። በዝግ በር ውስጥ የሚያጉረመርም ሰው። ቢላዋውን አስቀመጥኩ። ያን ቀን የሰማሁት ድምፅ ነው፤ ከፍና ዝቅ አባባሉ፣ ትንፋሽ መሰብሰቡ ሳይቀር።

በሩ ላይ ሄጄ ቆምኩ። ያን ቀን በቆምኩበት ቦታ፣ እጄን መዝጊያው ላይ አድርጌ። አልፈራሁም ብል ውሸት ነው፤ ግን ደስ ብሎኛልም። አባባ እየተመለሱ ነው ብዬ ነው ያሰብኩት። ስከፍተው ማንም የለም። የሚያጉረመርሙት ዲስኮቹ ናቸው፤ ስክሪኑ አርባ አንድ በመቶ ይላል። አልጋቸው እንደተነጠፈ ነው። በሩን መልሼ ዘጋሁትና ወደ ሽንኩርቴ ተመለስኩ። ድምፁ እስከ ስምንት ሰዓት ቀጠለ፤ ከዚያ ጸጥ አለ።

ምህረቱ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አበራው። አሁን ያለ ችግር ተከፈተ። ስክሪኑ መሃል ቢጫ ማስታወሻው ወጣ፦ "ሐሙስ በስምንት ሰዓት አባባን ከመናኸሪያ መቀበል።"

ማስታወሻውን ያኔ አባባ በመጡ ማግስት ራሱ ምህረቱ አጥፍቶት ነበር። የአባባን ፎልደር ፈለገ፤ የለም። በስማቸው ፈለገ፤ አንድም አልወጣም። በዚያ ስክሪን ላይ አባባ የተናገሩት ነገር የለም፣ አልታመሙም፣ አልሞቱም።

"አባባ ገና አልመጡም" አለ ምህረቱ ቀስ ብሎ።

ያኔ ዓይኔ ግድግዳው ላይ ወዳለው የቀን መቁጠሪያ ሄደ። 2016 ይላል። ራሴ የሳቅሁት ሳቅ ጆሮዬ ላይ መጣብኝ። 2015 የቀድሞ ባለቤት የተወው ቀን አልነበረም። ዲስኩ አባባ በዘመናቸው የቀረጹበት ነበር፤ አምስት ሰዓት ሙሉ ከዝግ በር ኋላ የሰማሁት ድምፅ ሲደመሰስ ነው።

"ቀኑን የቀየርክላቸው ጊዜ" አልኩት፤ መጨረስ አቃተኝ። አልጮኸብኝም። ቢጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። ሰኞ ወገኔ መጥቶ አየው፤ "በላዩ ላይ ተጽፎበታል፣ ምንም የሚገኝ የለም" አለን። ምህረቱ አመስግኖ ሸኘው። ማስታወሻውን ግን አላጠፋውም፤ በየቀኑ ከሥራ ሲመጣ ከፍቶ ያየዋል።

ሐሙስ ዕለት ከቀትር በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ ምህረቱ ቤት የለም። የአባባ ጋቢ ከኮምፒውተሩ ላይ ተነሥቷል። ሳላስብ ባጃጅ ይዤ መናኸሪያ ሄድኩ። ጉሙ እዚያም ወርዶ መኪኖቹ መብራት አብርተው ነው የሚገቡት። ምህረቱ ጋቢውን አጣጥፎ በክንዱ ይዞ፣ የአንኮበር መኪኖች የሚቆሙበት ቦታ ቆሟል። አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ። ወደ ቤት እንሂድ አላልኩትም፤ ምን አፍ አለኝ?

ስምንት ሰዓት ላይ አንድ ሚኒባስ ገባ። ሰው ሁሉ ወርዶ ተበተነ። ረዳቱ በሩ ላይ ቆሞ "እኚህን አባት የሚቀበል ሰው አለ?" ብሎ ጮኸ። መልስ የለም። ደግሞ ጮኸ።

ምህረቱ እጁን አነሣ።

ከመኪናው ነጭ ጥምጥም ያሰሩ አንድ ሽማግሌ ቄስ ተደግፈው ወረዱ። አባባን አይመስሉም፤ አጭር ናቸው፣ ድምፃቸውም ቀጭን ነው። ዓይናቸው ግን አያይም። ምህረቱ ቀርቦ ቦርሳቸውን ተቀበለ። እሳቸው እጃቸውን ዘርግተው ትከሻውን ዳሰሱና ተነፈሱ።

"ቆየህብኝ፣ ልጄ" አሉት።

ምህረቱ ዞሮ አላየኝም። ጋቢውን ዘርግቶ አለበሳቸውና ጎንበስ አለላቸው፤ እሳቸውም የተላከላቸው ልጅ መስሏቸው ራሱ ላይ እጃቸውን ጭነው ይመርቁት ጀመር። የሚሉትን ለመስማት አልተጠጋሁም። ካሉበት አሥር እርምጃ ያህል ርቄ ቆምኩ፤ ሲያጉረመርሙ ብቻ ይሰማኝ ነበር።